ማይነስ 25 ላይ ስኪ መጫወት ይቻላል፦ ወደ ብርድ አገር ለምትሄዱ የወሎ ልጆች

ያ ጀማዓ ሰላም ናችሁ? በየዓመቱ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ ለትምህርትም ለስራም ለቤተሰብም ብለው ወደ ካናዳ፣ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ሚኒሶታ የሚሄዱ ልጆች አሉ፣ ሳይሄዱ የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነው፣ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ታኅሣሥ ሲገባ ይደውሉና "የክላስ ልጆች ስኪ እንሂድ እያሉኝ ነው፣ ማይነስ 25 ነው ይላል፣ አሞኛል ልበላቸው?" ይሉኛል። አትበሉ፣ ሂዱ። እኔ ካናዳ ካልጋሪ ከተማ ዓመታት ኖሬ አሁን ደሴ ነኝ፣ ከዛ አገር ከሚናፍቁኝ ነገሮች አንዱ በጣም ብርዳም ቀን ላይ ስኪ መጫወት፣ ማለት እግር ላይ ሁለት ረጃጅም ሰሌዳ አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰው የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ተራራው የራስህ ነው። ግን ዝም ተብሎ አይገባበትም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ። የወሎ ደጋ ልጅ ብርድ አያስፈራውም፣ ደላንታ ወይ ዋድላ ወይ ለጋምቦ ያደገ ሰው ጥር ላይ ሳሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር እያየ ነው ያደገው፣ ስለዚህ "እኔ ብርድ እችላለሁ" ብሎ ይሄዳል። ስኪ ላይ መቻል ብሎ ነገር አይሰራም። ቁልቁል ስትወርድ እግርህ ይሰራል፣ ትሞቃለህ፣ ታልባለህ፣ ከዛ በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣህ ሊፍት ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ 10 ደቂቃ ንፋስ ይገርፍሃል፣ ያ ላብ ሂሳቡን የሚያወራርደው እዛ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ደርቆ ስለመዋል ነው፣ ብርዱ ከዛ በኋላ ይመጣል።

"ይሄ የኛ ነገር አይደለም" ለሚለኝ ደግሞ፣ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በ2006 ቱሪን እና በ2010 ቫንኩቨር ዊንተር ኦሎምፒክ ላይ ተወዳድሯል (እ.ኤ.አ. ነው)፣ የሱ በሜዳም በዳገትም የሚኬድበት አገር አቋራጩ ስኪ ነው። ቁልቁሉን ደግሞ ካናዳ ተወልዶ ለኤርትራ የተሰለፈው ሻነን አበዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ፒዮንግቻንግ ላይ ወርዶታል። እኛ ጋ አቡነ ዮሴፍ 4,260 ሜትር ሆኖ ውርጭ እንጂ ስኪ የሚያስኬድ ስኖው፣ ማለት እንደ ጥጥ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ የለውም፣ ቢኖረው ኖሮ የላስታ ልጅ ማንንም አያስደርስም ነበር።

እዚሁ እያላችሁ የምታደርጉት

ጦሳን የሚወጣ ሰው የሚኮራው በመውጣቱ ነው፣ ለስኪ የሚጠቅመው ግን መውረዱ ነው። ስኪ ላይ መጀመሪያ የሚቃጠለው የፊት ጭን ነው፣ እሱ ጡንቻ ደግሞ የሚጠነክረው ቁልቁል ስትወርድ ሰውነትህን ይዞ ሲያቆም ነው። ስለዚህ ጠዋት ጦሳ ውጡና ስትወርዱ አትሩጡ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ፣ ክብደታችሁን ወደ ፊት ጣል አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ዚግዛግ እየሰራችሁ ውረዱ። በሳምንት ሁለት ሶስቴ ለአንድ ሁለት ወር ከሰራችሁ እዛ ሄዳችሁ ታመሰግኑኛላችሁ። ያልተዘጋጀ እግር ቶሎ ይደክማል፣ የደከመ ሰው ይወድቃል፣ የወደቀ ሰው ስኖው ላይ ይንከባለላል፣ አንገቱም ጓንቱም ውስጥ ስኖው ይገባል፣ እዛ ቀልጦ ያረጥበዋል፣ የብርዱ ጣጣ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

የከፍታው ነገር ላይ አብሽሩ። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ካናዳ ባንፍ ያለው ሌክ ሉዊስ የሚባለው ትልቅ የስኪ ቦታ ጫፉ 2,637 ሜትር ነው። ፊንላንድ ያለው ሌቪ እንዲያውም 531 ሜትር ነው፣ ከሱ ኮምቦልቻ በብዙ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ስራ ሳልባጅ ተራ ነው። እዛ አገር የስኪ ልብስ አዲሱ ውድ ነው፣ ደሴ ገበያ ላይ ግን ጠዋት ቦንዳ ሲፈታ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሻጩ ራሱ ለምን እንደሆነ የማያውቀው ዕቃ ይወጣል፣ ደረት ድረስ የሚመጣ ማንጠልጠያ ያለው ወፍራም የስኪ ሱሪ ማን ይገዛዋል እዚህ? በርካሽ ይሰጥሃል። ለውስጥ የሚለበስ ስስ ሱፍ ካገኘህ ደግሞ ሳትከራከር ውሰድ። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ሻጩን አስፈቅደህ ከጠርዙ አንድ ክር መዘህ በክብሪት ለኩሰው፣ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፣ ቀልጦ ጠጣር ነጠብጣብ ከሆነ ፖሊስተር ነው እሱም ይሆናል፣ ቦግ ብሎ ነዶ አመድ ብቻ ከሆነ ጥጥ ነው፣ መልስለት። ጃኬቱ ውሃ ይዝለቀው አይዝለቀው ለማየት ደግሞ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግበት፣ ኳስ ሰርታ ከተንከባለለች ጥሩ ነው፣ ወዲያው ከሰረገች ተወው።

ስኪውን፣ ጫማውን፣ ሄልሜቱን እዛው ተከራዩ። መጀመሪያ ላይ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ የበዛበት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ስልካችሁ ላይ ያለው ዲግሪ የከተማው ነው፣ የተራራው አይደለም። የስኪ ቦታው የራሱ ሪፖርት አለው፣ እሱን እዩ፣ ታችና ላይ ለየብቻ ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባልክ ቁጥር ይበርዳል፣ በጣም ብርዳም በሆኑት ቀናት ግን ተገልብጦ ታገኘዋለህ፣ ታች ማይነስ 28 ሆኖ ጫፉ ላይ ማይነስ 15 ሊሆን ይችላል። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ሰማዩ ጠርቶ ንፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ይወርዳል፣ የቦሩ ሜዳ ገበሬም ውርጭ ባቄላውን የሚመታበት ሜዳው ላይ እንጂ ተዳፋቱ ላይ እንዳልሆነ ያውቃል። እንዲህ አይነት ቀን ከሆነ ታች ሆናችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቶሎ ወደ ላይ ውጡ፣ ላይ ዋሉ።

ከዲግሪው በላይ ደግሞ ንፋሱ አለ። ማይነስ 20 ላይ በሰዓት 30 ኪሎሜትር ንፋስ ካለ ፊትህ የሚሰማው ማይነስ 33 ያህል ነው። ንፋስ ባይኖር እንኳ አንተ ራስህ በ40 ኪሎሜትር ፍጥነት ስትወርድ ንፋሱን ትፈጥረዋለህ፣ ማይነስ 34 ይሆናል። የካናዳ ሜትሮሎጂ የሚለው እንዲህ ነው፣ በንፋስ የተሰላው ቁጥር ከማይነስ 28 እስከ 39 ባለው ውስጥ ከሆነ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊበርድ፣ ማለት ደርቆ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ከማይነስ 40 እስከ 47 ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። የኔ መስመር ግልጽ ነው፣ እስከ ማይነስ 28 ዝም ብላችሁ ሂዱ፣ ከዛ እስከ 40 ድረስ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አሟልታችሁ ሂዱ፣ ማይነስ 40ን ካለፈ ቤት ቡና አፍሉ። ሌቪ ያለበት ኪቲላ ወረዳ ውስጥ በጥር 1999 (እ.ኤ.አ.) ማይነስ 51.5 ተመዝግቧል፣ እንዲህ አይነት ቀን ላይ ጀግንነት የለም። የአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር እንኳ ከማይነስ 20 በታች ከሆነ ይተላለፋል።

አንድ ደግሞ፣ በህይወታችሁ የመጀመሪያዋ የስኪ ቀን ማይነስ 25 ላይ አትሁን። አንድ ሁለት ቀን ማይነስ 5 ማይነስ 8 ላይ መቆምና መዞር ተማሩ፣ ብርዱን ከዛ በኋላ ጨምሩበት። ሁለት አዲስ ነገር ባንዴ አይለመድም።

ልብሱ

እናታችሁ ሻንጣ ውስጥ ጋቢ መክተቷ አይቀርም፣ ያዙት፣ ቤት ውስጥ ከሱ የሚበልጥ የለም። ተራራ ላይ ግን ጋቢ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ ጂንስ፣ የጥጥ ካልሲ የሚባል ነገር እንዳታስቡት፣ ጥጥ ላብን ይጠጣና ይይዘዋል፣ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ሙቀትህን እየመጠጠ ያወጣዋል። የደጋ እረኛ ባና የሚለብሰው አለምክንያት አይደለም፣ ባና የበግ ፀጉር ነው፣ ቢረጥብም ሙቀት አይለቅም። በዛው አስቡት።

ከውስጥ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ስስ ሱፍ ወይ ፖሊስተር፣ ላይም ታችም። ከዛ ላይ ፍሊስ ወይ ሹራብ፣ ከማይነስ 20 በታች ከሆነ ደግሞ ስስ የላባ ጃኬት ጨምሩ። ከሁሉም በላይ ንፋስ የማያስገባ ሰፋ ያለ ጃኬት፣ ሰፋ ያለ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ከስር ያለው ልብስ ከተጨቆነ በመሀል አየር አይቀርም፣ የሚያሞቀው ደግሞ አየሩ ነው። አምስት ልብስ ደርበህ እጅህን ማጠፍ ካቃተህ ሶስቱን አውልቅ።

ሰው በጣም የሚያልበው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስኪ ላይ አይደለም፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ህንጻው ድረስ ስኪውን ተሸክሞ በዛ ጫማ ሲንገዳገድ ነው። ስለዚህ እሱን መንገድ ጃኬታችሁን ከፍታችሁ፣ ኮፍያ አውልቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ትንሽ ቢበርዳችሁም ግድ የለም። ውስጥ ገብታችሁ ትንፋሻችሁ ሲረጋጋ ዝጉና ውጡ። ተራራው ላይም እንደዛው ነው፣ ጀማሪ ከሆንክ ታች ሜዳው ላይ ስትወድቅ ስትነሳ የደረት ዚፕህን ከፈት አድርግ፣ ሊፍት ላይ ከመቀመጥህ በፊት እስከ አገጭህ ዝጋ። ከበረደህ በኋላ መዝጋት ዋጋ የለውም፣ ቀድመህ ነው።

እህቶቼ፣ ሂጃብ ለምትለብሱ ሄልሜት ስር ስስ የስፖርት ሂጃብ ወይ ፊት ብቻ የሚያሳይ የስኪ ጭምብል ይሆናል፣ ስፒል ግን አይሁን፣ ስትወድቁ ይወጋል። ነጠላም ሻርፕም ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፣ ሊፍት ይይዘዋል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ጫፉን ጃኬት ውስጥ ክተቱት። ሹሩባ ጥሩ ነው ግን ጠፍጣፋ ይሁን፣ ሄልሜቱን ስትከራዩ ሹሩባውን ተሰርታችሁ ለኩ። የወርቅ ጉትቻ ቤት ይቀመጥ፣ ብረት ብርዱን ወደ ጆሮ ይስባል።

እግር

ሰው ስኪ የሚጠላው በእግሩ ነው። የስኪ ጫማ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ብርድ ሲባል ሁለት ሶስት ካልሲ መደረብ ነው የሚታየን፣ እሱ ነው እግርን የሚያቀዘቅዘው፣ ጫማው ይጠብና ደም አያልፍም፣ ደም ካላለፈ ሙቀት ከየት ይምጣ? አንድ ስስ ረጅም የሱፍ ካልሲ፣ በቃ። ከስር የተለበሰው ሱሪ ጫፍ እንኳ ጫማው ውስጥ እንዳይገባ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰብስቡት።

ጫማውን ስትከራዩ አትፈሩ፣ አስለዋውጡ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ አውራ ጣታችሁ ፊቱን ነካ ማድረግ አለበት፣ ጉልበት አጥፋችሁ ወደ ፊት ስትጫኑ ደግሞ ትንሽ መሸሽ አለበት። ጣት መነቃነቅ ካልቻለ ሌላ አምጣ በሉ፣ ኪራይ ቤት ያለው ልጅ ስራው እሱ ነው፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ስኪው ላይ የሚቆልፈውን ነገር የሚያስተካክሉት በክብደታችሁ፣ በቁመታችሁ፣ በዕድሜና በችሎታ ነው፣ ስትወድቁ እንዲፈታ፣ ስለዚህ ኪሎ አትዋሹ፣ "ጎበዝ ነኝ" ብላችሁም አትጻፉ።

ጫማው ማታ መኪና ውስጥ እንዳያድር። ፕላስቲኩ ይደርቅና ጠዋት እግር አያስገባም፣ ከገባም እግርህ ቀኑን በረዶ ውስጥ ጀመረ ማለት ነው። ቤት አሳድሩት። ካልሲውን ደግሞ ቤት ለብሳችሁ መኪና ውስጥ በሂተር አንድ ሰዓት አትሂዱ፣ እዛው ያልበዋል፣ ደረቁን ካልሲ ኪስ ያዙና እዛ ደርሳችሁ ቀይሩ። ውዱእ አድርጋችሁ የምትወጡም በጣቶች መሀል ሳይቀር በደንብ አድርቁ።

ሊፍት ላይ የጫማውን ማሰሪያ ላላ አድርጉ፣ ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፣ ጫፍ ስትደርሱ መልሳችሁ እሰሩ።

እጅ

ጣቶቹን የማይለያይ፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ጓንት ከባለ አምስት ጣቱ በብዙ ይሞቃል፣ ጣቶች እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ከስሩ ስስ ጓንት ይደረግ፣ ስልክ ለማውጣት ወይ ዚፕ ለመዝጋት ትልቁን ስታወልቅ እጅህ ባዶውን እንዳይቀር። ትልቁ ጓንት ከእጅ አንጓ ጋር በገመድ ይታሰር፣ ከሊፍት ላይ ጓንት የጣለ ሰው ቀኑ አለቀ።

እጅ ማሞቂያ የሚባለው ትንሽ ከረጢት ውስጡ የብረት ዱቄት ነው፣ አየር ሲያገኝ ይዝጋልና ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ከመፈለግህ ከሩብ ሰዓት በፊት ከፍተህ አየር አስነካው፣ ጓንት ውስጥ ክተተው፣ ቆዳ ላይ በቀጥታ አይለጠፍ። ጫማ ውስጥ ያን ያህል የማይሰራው አየር ስለማያገኝ ነው። ጣትህ መደንዘዝ ሲጀምር ክንድህን ዘርግተህ በትልቁ አሽከርክረው፣ ሃያ ሰላሳ ጊዜ፣ ደሙ ተገፍቶ ጣት ጫፍ ይደርሳል። ሰው ያየኛል አትበል፣ ሁሉም ያደርገዋል።

ፊት

አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ጆሮ፣ አገጭ። መጀመሪያ የሚያዙት እነዚህ ናቸው። ጎግሉ፣ ማለት የስኪ መነጽሩና የፊት ሽፋኑ ሲገናኙ በመሀል ክፍተት እንዳይኖር፣ ጣት ስፋት ያለች ባዶ ቆዳ ትበቃለች። የአንገት ጨርቁን ሁለት ያዙ፣ አንዱ በትንፋሽ ረጥቦ በረዶ ሲሆን ሌላውን ቀይሩ፣ የመጀመሪያውን ጃኬት ውስጥ ደረት ላይ አድርቁት።

ጎግል ለምን ይጨልማል? ትንፋሻችሁን በሽፋኑ ስር ወደ ላይ ስለምትለቁት ነው፣ ወይ ደግሞ ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁት ከላባችሁ የወጣው እንፋሎት ስለገባበት። ከወረደ አይውጣ። ውስጡን በጓንት አትፈግፍጉት፣ የተቀባው ስስ ሽፋን ይላጣል፣ ቤት ገብታችሁ አድርቁት።

ቅቤ የሚቀባ ሰው አይቻለሁ፣ የኛ ሰው ነው ሌላ ማን ይሆናል። ቅቤም ቫዝሊንም ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ይረዱ ይሆናል እንጂ ከመበረድ አያድኑም፣ የተጠበቅህ መስሎህ ሽፋን ታወልቃለህ፣ ጉዳቱ እሱ ነው። የፀሐይ ክሬም ግን ተቀቡ፣ ስኖው እስከ 80 በመቶ ጨረሩን መልሶ ፊት ላይ ይወረውረዋል፣ ጥቁር ነኝ አይነካኝም ማለት የለም።

አስም ያለባችሁ ኢንሄለራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ውሰዱ፣ መድኃኒቱም የውስጥ ኪስ ይቀመጥ፣ በአፍንጫና በጨርቁ በኩል ተንፍሱ።

ምሳና ኪስ

ብርድ ላይ ሰውነት ነዳጅ ይበላል። ሱቅ ያለው ቸኮሌት ማይነስ 25 ላይ ጥርስ ይሰብራል፣ ቆሎ ግን ደረቅ ስለሆነ ምንም አይሆንም፣ ከቤት የተላከላችሁ የገብስ ቆሎ ወይ ዳቦ ቆሎ ካለ በየኪሱ በትኑት፣ ሊፍት ላይ እየቆረጠማችሁ ውጡ፣ ፈረንጆቹም ይለምኗችኋል። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ወፍራም የገብስ ገንፎ ወይ በሶ ብሉ። ውሃ ብርድ ላይ አያሰኝም ግን ጠጡ፣ ደረቁ አየር በትንፋሽ ብቻ ብዙ ያወጣባችኋል። ፔርሙስ ውስጥ ሻይ በስኳር፣ ዝንጅብል ጣል አድርጉበት።

አረቄ የለም። "ያሞቃል" የሚባለው ቆዳ ስር ያለውን የደም ስር ስለሚከፍተው ነው፣ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ቆዳ ይወጣና ንፋሱ ይወስደዋል። ማታ ቤት ገብተህ የፈለግኸውን። ሲጋራና ጫት ደግሞ በተቃራኒው የደም ስሩን ያጠባሉ፣ ጣት ቶሎ ይደነዝዛል።

ጾም ላይ ያላችሁ፣ ዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ፣ ረመዳን ደግሞ በአንዳንድ ዓመት ስኪው በሚደምቅበት በየካቲት በመጋቢት ይገጥማል። ባዶ ሆድ ማይነስ 25 ላይ አይመከርም። ጾመኛው ክርስቲያን ከሰዓት ቢወጣ፣ ሙስሊሙ ካፈጠረ በኋላ ማታ በመብራት የሚጫወቱበት ቦታ ብዙ ስላለ እሱን ቢሄድ ይሻላል፣ የማታው ደግሞ ብዙ ቦታ ይረክሳል።

ስልክ የውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ። ባትሪው ብርድ ላይ 40 በመቶ እያለው ሊጠፋ ይችላል። ፎቶውን ቶሎ አንስታችሁ መልሱት፣ የበረደ ስልክ ደግሞ እዛው በፓወር ባንክ አትሰኩ፣ ሳይሞቅ ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ይጎዳል።

ተራራው ላይ

በጠዋት አትሂዱ። በጣም የሚበርደው ፀሐይ ልትወጣ ስትልና እንደወጣች ነው፣ በኛ 4 ሰዓት ተኩል 5 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 9 ሰዓት ላይ ብትጨርሱ ምርጡን ወስዳችኋል። ሌቪን የመሰለ ሰሜን ቦታ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ጭራሽ የማትወጣባቸው ሳምንታት ስላሉ እዛ በመብራት ነው፣ ሰዓቱ ብዙም ለውጥ የለውም።

የተዘጋ ሊፍት፣ ጎንዶላ የሚሉት፣ ካለ እሱን ያዙ። ከሌለ አጭሩንና ዛፍ የከበበውን ወንበር ምረጡ። ዛፍ የሌለው ገላጣው ጫፍ ለማየት ያምራል ግን ንፋሱ የሚኖረው እዛ ነው፣ በዛፍ መሀል ያለው መንገድ ይሻላል። ቀለሙን ደግሞ እወቁ፣ ሰሜን አሜሪካ አረንጓዴ ክብ ቀላሉ ነው፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ። አውሮፓ ሰማያዊው ቀላል ነው፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ካናዳ ተምሮ ኦስትሪያ የሄደ ሰው ይሄን ካላወቀ ይጨነቃል።

ትምህርት የምትወስዱ ከሆነ በእንዲህ ያለ ቀን የቡድን ክፍል አይሆንም፣ አስር ሰው ተራ እስኪደርሰው ቆሞ ሲጠብቅ በብርድ ይደርቃል። ጓደኛ ካለህ ሁለት ሆናችሁ አንድ አስተማሪ ያዙ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ።

ስኖው ራሱ ብርድ ላይ ባህሪው ይቀየራል። ስኪ የሚንሸራተተው ከስሩ በፍትጊያ ስስ ውሃ ስለሚፈጠር ነው፣ ከማይነስ 20 በታች ግን ያ ውሃ በደንብ አይፈጠርም፣ እንደ አሸዋ ይይዝሃል፣ ሲረገጥም ይንቋቋል። ይሄ ለጀማሪ ሲሳይ ነው፣ ፍጥነት የለም፣ ሰማያዊውን የፈራህ ሰው ያን ቀን ወርደህ ልታየው ትችላለህ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ግን ትቆማለህ፣ ስለዚህ ሜዳው ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ፍጥነት ያዝ። ሰው ሰራሽ ስኖው ያለበት ቦታ፣ የሚኒሶታዎቹ ትንንሽ ኮረብቶች በተለይ፣ ደግሞ ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ እዛ ሲወደቅ ያማል፣ ሄልሜት የግድ።

አወራረዱ ላይ ሳይቆሙ መውረድ ይሻላል። መሀል ላይ ቆሞ ወሬ የለም፣ ወሬው ሊፍት ላይ ነው። ከፊትህ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ከኋላ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው፣ መቆም ካለብህ ጥግ ይዘህ ሰው ከላይ በሚያይህ ቦታ ቁም።

ከዛ ዋናው ነገር፣ ሳይበርዳችሁ ግቡ። ሁለት ሶስት ዙር ወርዳችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አርባ ደቂቃ ሲሞላ፣ ደህና ብትሆኑም ግቡ። ገብታችሁ ጃኬቱን አውልቁ፣ ጓንቱን ገልብጣችሁ አድርቁ፣ ካልሲ ከረጠበ ቀይሩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ውጡ። "አንድ ዙር ጨምሬ" የምትለዋ ናት ቀኑን የምታበላሸው። እዛ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከማያውቁት ሰው ጋር መጫወት ራሱ የስኪው ግማሽ ነው፣ ወሎዬ ደግሞ ለጨዋታ አይታማም።

የሚያሰጋ ምልክት

ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ሊፍት ላይ በተቀመጣችሁ ቁጥር እርስ በርስ ፊት ለፊት ተያዩ፣ አፍንጫህ የሚነግርህ ነገር የለም፣ የሚያይልህ ሰው ነው የሚያስፈልግህ። ነጮቹ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ እኛ ላይ አመድማ ወይ ግራጫ ይመስላል፣ ስለዚህ ለጓደኛችሁ ይሄን ንገሩት፣ የሱን ቆዳ ምልክት እየፈለገ ያንተን እንዳያልፈው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮች ላይ በተሰሩ ጥናቶች ከአፍሪካ ዘር የሆኑት በብርድ የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፣ ስለዚህ እኛ ቀድመን እንግባ፣ ነውር የለውም።

ሲያም የነበረ ጣት በድንገት ማመሙን ካቆመ ተሻለኝ አትበሉ፣ ደነዘዘ ማለት ነው፣ ወዲያው ግቡ። አፍንጫ ወይ ጉንጭ ከሆነ በሞቀ መዳፍ ሸፈን አድርጋችሁ ያዙት፣ ጣት ከሆነ ብብት ውስጥ ክተቱት። አትሹት፣ በስኖው ማሸት የሚባለውማ ጭራሽ ቆዳውን ይልጠዋል። እሳት ወይ ሂተር ላይ አታስጠጉ፣ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅም። ቆዳው ጠንክሮ እንጨት ከመሰለ ወይ ውሃ ከቋጠረ የስኪ ቦታው የመጀመሪያ እርዳታ ጋ ሂዱ፣ እነሱ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ያሞቁታል፣ ተመልሶ የሚበርድ ከሆነ ግን ጭራሽ ባይሞቅ ይሻላል፣ ቀልጦ መልሶ የበረደ አካል የባሰ ይጎዳል።

ጓደኛህ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ዝም ካለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ሲሄድ ከተደናቀፈ፣ "ተወኝ ደህና ነኝ" ቢልህም አትስማው። አስገባው፣ እርጥቡን አውልቅለት፣ ደረቅ አልብሰው፣ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ጣፋጭ ነገር ስጠው፣ የድንገተኛ እርዳታ ሰራተኞቹን ጥራ።

የጉዞ ኢንሹራንስ ያላችሁ ስኪን የሚያካትት መሆኑን ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ፣ ብዙዎቹ ለብቻ ካላስጨመርከው አያካትቱም።

ማታ

ቤት ስትገቡ ቦርሳውን ጥግ ጥላችሁ አትተኙ። የጫማው ውስጠኛ ለስላሳ ክፍል የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ካልወጣ ማሰሪያውን በሙሉ ፈታችሁ አፉን ክፈቱት፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ በደረቅ ለውጡት። ሂተር ላይ አይቀመጥ፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ከሂተሩ አንድ ሜትር ራቅ አድርጉት። ጓንቱን ጣቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉ። የራሳችሁ ስኪ ከሆነ ጠርዙ ብረት ስለሆነ በጨርቅ ጥረጉት፣ ካልተጠረገ በነጋታው ዝጎ ታገኙታላችሁ። ያኔ ጋቢው ይውጣ፣ ቡናው ይፈላ፣ ለነገ የተራራውን ሪፖርት እያያችሁ ጠጡ።